ቁስል እንዳያመረቅዝ ዕድሜውን የሰጠው ሐኪም፡ ጆሴፍ ሊስተር

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ ለሳምንታት ከክፍል ጠፋ። አባቱን ሳገኛቸው፣ ልጁ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በሌሊት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ነገሩኝ። ቀዶ ሕክምናው በደህና አልፏል። አልጋ ላይ ያቆየው ሆዱ ላይ የተሰፋው ቁስል መግል መያዙ ነበር። ስፌቱ ተፈትቶ፣ ቁስሉ በየቀኑ እየታጠበ ከውስጥ ወደ ውጭ እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ልጁ ሲመለስ ሸሚዙ ሰፍቶት፣ በአንድ እጁ ሆዱን ደግፎ ነበር የሚራመደው። ተመለሰልን፤ አልሐምዱሊላህ።

ይህ ልጅ ከዛሬ 160 ዓመት በፊት ታሞ ቢሆን ኖሮ የመመለሱ ነገር እጅግ ያጠራጥር ነበር። በዚያን ጊዜ የሰውን ሆድ መክፈት አብዛኞቹ ቀዶ ሐኪሞች የሚሸሹት ሥራ ነበር። ቢላዋ መያዝ ስለማይችሉ አልነበረም የሚሸሹት፤ ከቀናት በኋላ የሚመጣውን ስለሚያውቁ ነው።

ስለ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ሲነሳ በእኛ ዘንድ ቀድሞ የሚጠራው የአንዳሉሱ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ነው። ይገባዋልም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ዛሬ የማነሳው ግን እንግሊዛዊውን ጆሴፍ ሊስተርን ነው። ከሱ በፊት ጥሩ የሚሰፉ፣ ፈጥነው የሚቆርጡ ሐኪሞች ሞልተው ነበር። የተሰፋው ቁስል ለምን እንደሚበሰብስ ጠይቆ፣ መልሱን ወደ ዕለት ተዕለት ሥራ የለወጠው ግን እሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊስተር ሚያዝያ 5 ቀን 1827 ለንደን አቅራቢያ አፕተን በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ክፍል ተከታይ ነበር። ኩዌከሮች በአለባበስም በአነጋገርም ቁጥብ ነበሩ፤ በሃይማኖታቸው የተነሳም እንደ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች በር ለነሱ ዝግ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ሊስተር የተማረው የተማሪን ሃይማኖት በማይጠይቀው በለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው።

አባቱ ነጋዴ ነበር። ማታ ማታ ግን መስታወት እየሞረደ ማይክሮስኮፕ ያሻሽል ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ማይክሮስኮፕ በሚያየው ነገር ዙሪያ የቀለም ጥላ እየፈጠረ ምስሉን ያደበዝዝ ነበር፤ ይህን ጉድለት በማስተካከሉ የአባትየው ስም በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ይጠቀሳል። ልጁ በዓይን የማይታይ ዓለም መኖሩን በእንግዳነት አልሰማውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያየው አድጓል። ሌሎች ሐኪሞች ዓይናቸው ያላየውን ለማመን ሲቸገሩ እሱ ያልተቸገረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ተማሪ ሳለ፣ በ1846 መጨረሻ፣ ለንደን ውስጥ በኤተር ማደንዘዣ እግር ሲቆረጥ ከተመለከቱት አንዱ እንደነበር ይነገራል። ማደንዘዣ መገኘቱ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ነገር አስከተለ። ሕመምተኛው ስለማይጮህና ስለማይታገል ሐኪሞች ብዙ ጊዜ፣ ለረጅም ሰዓት፣ በጥልቀት መቁረጥ ጀመሩ። እጃቸው ግን አልታጠበም። መሣሪያው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይዛወራል። በደምና በመግል የደረቀ ካፖርት የልምድ ምልክት ተደርጎ የሚለበስበት ጊዜ ነበር። ቁስል መግል ሲቋጥርም አብዛኛው ሐኪም እንደ መልካም ምልክት ነበር የሚያየው። የሕመም ስቃይ ቀነሰ፤ ሞቱ አልቀነሰም።

በ1853 ሊስተር ወደ ስኮትላንድ ኤድንብራ ሄዶ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ሳይም ዘንድ ሠራ። በ1856 የሳይምን ልጅ አግነስን አገባ፤ እሷ ከኩዌከሮች ወገን ስላልነበረች የቤተሰቡን ማኅበር ለቆ ወጣ። የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት የአውሮፓን ሆስፒታሎች በመጎብኘት ነው። አግነስን ሳያነሱ ስለ ሊስተር መጻፍ አይቻልም። ሙከራዎቹን አብራው ትከታተል፣ እሱ እየተናገረ ማስታወሻውን ትጽፍለት ነበር። የሥራ መዝገቦቹ ብዙ ክፍል በእሷ እጅ ጽሑፍ ነው የተሞላው። ልጅ አልወለዱም።

በ1860 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት የከተማው ሮያል ኢንፈርመሪ ሆስፒታል ውስጥ የሕሙማን ክፍሎች ተሰጡት። ግላስጎው የፋብሪካና የወደብ ከተማ ናት። በማሽን የተቀጠቀጠ ክንድ፣ በጋሪ የተደፈጠጠ እግር በየቀኑ ይመጣል፤ ልጆችም ሠራተኞች ነበሩና ከጎልማሶቹ እኩል ይመጣሉ። የሊስተር ክፍሎች ደግሞ አስጠሊ ቦታ ላይ ነበሩ። ከሕንፃው ሥር፣ ከአፈሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በ1849 በኮሌራ ያለቁ ሰዎች የተቀበሩባቸው ሣጥኖች ተደርድረው ነበር። ከ1864 እስከ 1866 ባሉት ዓመታት እጅ ወይም እግር ከቆረጠላቸው 35 ሕሙማን 16ቱ ሞቱበት።

ሊስተርን እንቅልፍ የነሳው አንድ ልዩነት ነበር። አጥንቱ ከቆዳ ሥር የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ ይድናል። ያው አጥንት ቆዳውን ቀድዶ ከወጣ ግን ቁስሉ ያመረቅዛል፤ እግሩ ይቆረጣል ወይም ሰውየው ይሞታል። ስብራቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የቆዳው መቀደድ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያ ቀዳዳ የሚገባው ምንድን ነው? የዘመኑ መልስ አየር ነው የሚል ነበር፤ መጥፎ አየር፣ የሆስፒታል አየር። አየርን ደግሞ ከቁስል መከልከል ስለማይቻል ነገሩ እንደ ዕጣ ፈንታ ተቆጥሮ ቀርቶ ነበር።

በ1865 የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የሆነው ባልደረባው ቶማስ አንደርሰን ስለ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ሥራ ነገረው። ፓስተር ወይንና ወተት የሚበላሹት በአየር በራሱ ሳይሆን አየሩ በተሸከማቸው ጥቃቅን ሕያዋን መሆኑን አሳይቶ ነበር። ሊስተር ሙከራዎቹን ራሱ ደግሞ ሠራቸው። ከዚያም ነገሩ በራለት፤ ጠላቱ አየሩ ካልሆነ፣ አየሩ ውስጥ ያለውንና ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን መግደል ይቻላል ማለት ነው። ፓስተር ጀርሞችን ለማስወገድ ያስቀመጣቸው መንገዶች ማፍላት፣ ማጣራትና በኬሚካል መግደል ነበሩ። የሰው ሥጋ አይፈላም፣ በወንፊትም አይጣራም። የቀረው ኬሚካል ነበር።

ኬሚካሉን ያገኘው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። ካርላይል የተባለች ከተማ የፍሳሽዋን ሽታ ለማጥፋት ካርቦሊክ አሲድ ትጠቀም ነበር። በዚያ ፍሳሽ በለማ መስክ ላይ ይግጡ የነበሩ ከብቶች በሽታም እንደቀነሰ ሊስተር አነበበ። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጣውን ይህን ፈሳሽ አስመጣና በመጋቢት ወር በአንድ ክፍት ስብራት ላይ ሞከረው። አልተሳካም። ጥፋቱ የፈሳሹ ሳይሆን የራሴ አያያዝ ነው ብሎ ተቀበለና ጠበቀ።

ነሐሴ 12 ቀን 1865 ጄምስ ግሪንሊስ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ መጣ። የጋሪ ጎማ በግራ እግሩ ላይ አልፎ፣ አጥንቱን ሰብሮ ቆዳውን ቀድዶታል። የተለመደው ሕክምና እግሩን መቁረጥ ነበር፤ ልጁ በሕይወት ቢተርፍ እንኳ በግላስጎው ጎዳና ላይ አንድ እግር ይዞ ኑሮውን መግፋት ይጠብቀዋል። ሊስተር አልቆረጠም። ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ አጠበ፤ በዚያው ፈሳሽ የተነከረ ጨርቅ አደረገበት፤ ፈሳሹ እንዳይተን ከላይ በቀጭን የብረት ወረቀት ሸፈነና እግሩን በእንጨት አሰረው። ከዚያ አራት ቀን መጠበቅ ነበር። ሽታ ቢመጣ፣ ትኩሳት ቢነሳ፣ ለመቁረጥም ጊዜው ሊያልፍ ይችል ነበር።

በአራተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ መግል የለም። የበሰበሰ ሽታ የለም። ያለው ቢኖር ከአሲዱ ብርታት የተነሳ የቆዳ መቅላት ነው፤ እሱንም በዘይት አቅጥኖ አስታገሰው። ከስድስት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ገጥሞ ልጁ በሁለት እግሩ ከሆስፒታሉ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ግሪንሊስ በታከመ ማግስት፣ ነሐሴ 13፣ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው የሃንጋሪ ሐኪም ቪየና አቅራቢያ በአእምሮ ሕሙማን መቆያ ውስጥ ሞተ። ዜመልቫይስ በ1847 የቪየና ሐኪሞች አራስ እናቶችን ከመመርመራቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አድርጎ የእናቶችን ሞት እጅግ የቀነሰ ሰው ነው። የሰማው ጥቂት ነበር፤ ተከፋ፣ ተናደደ፣ ተገለለ። ለሞት ያበቃውም የተመረዘ ቁስል ነው። ሊስተር በዚያን ጊዜ ስለ እሱ አያውቅም ነበር። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ዱላውን ያነሳ ይመስላል፤ በመካከላቸው ግን አንድ ደብዳቤ እንኳ አልተላላኩም።

ከግሪንሊስ በኋላ ሌሎች መጡ። የ7 ዓመት ልጅ የሕዝብ ማመላለሻ ጋሪ እግሩ ላይ ወጥቶበት፣ የ10 ዓመት ልጅ ክንዱ በፋብሪካ ማሽን ቀበቶ ተይዞ። ሊስተር የ11 ሕሙማንን ታሪክ ሰብስቦ በ1867 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጣ። ከ11ዱ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ እግሩን አጥቷል፤ ሁለቱንም ሳይደብቅ ጻፋቸው። በዚያው ዓመት የገዛ እህቱ ኢዛቤላ የጡት ካንሰር ይዟት መጣች። ሌሎች ሐኪሞች አንነካም ብለዋት ነበር። በራሱ ቤት፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ቀዶ ሕክምናውን አደረገላት፤ ቁስሏ ሳያመረቅዝ ዳነ፣ ሦስት ዓመት ያህልም ኖረች። ከ1867 እስከ 1870 ከቆረጠላቸው 40 ሕሙማን የሞቱት 6 ብቻ ነበሩ።

ለልጆች የነበረው ልብ ሲወራ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። ጉልበቷን የታከመች ትንሽ ልጅ እግሩ የተገነጠለ አሻንጉሊቷን አሳየችው ይባላል። ሊስተር መርፌና ክር አስመጥቶ፣ ተማሪዎቹ ቆመው እያዩ፣ የአሻንጉሊቷን እግር በጥንቃቄ ሰፍቶ መለሰላት።

አሁን ወደ አዝ-ዘህራዊ ልመለስ። ሐኪም የደም ሥር ሲያስር ወይም ውስጥ ሲሰፋ የሚጠቀምበት የሐር ክር በሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ጫፉ ወደ ውጭ እንዲንጠለጠል ይተውና በኋላ ይጎተታል፤ በዚያ ክር በኩል መግል ይከተላል። ሊስተር ሰውነት ራሱ የሚያሟሟው ክር ፈለገ። በ1868 መጨረሻ በአባቱ ቤት በአንድ ጥጃ ላይ፣ ከበግ አንጀት ተሠርቶ በካርቦሊክ አሲድ የጸዳ ክር ተጠቅሞ የአንገት ደም ሥር አሰረ። ጥጃው ከአንድ ወር በኋላ ሲታረድ በክሩ ቦታ ሕያው ሥጋ ተተክቶ ተገኘ። ካትጋት የሚባለው ክር በዚህ መንገድ ወደ ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ገባ። አዝ-ዘህራዊ ግን በ1000 ገደማ ባጠናቀቀው አት-ተስሪፍ በተባለው መጽሐፉ ሠላሳኛ ክፍል፣ የተወጋ አንጀት ከእንስሳ አንጀት በወጣ ቀጭን ክር እንደሚሰፋ ጽፎ ነበር። በዚያው መጽሐፍ የሆድ ቁስልን፣ የወጣ አንጀት የሚመለስበትን መንገድና የስፌት ዓይነቶችን በየተራ ያስተምራል። ሊስተር ከእሱ ወሰደ ለማለት አይደለም። ነገር ግን ክሩ ኮርዶባ ላይ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነበር፤ የጎደለው ክሩን ከማይታየው ጠላት ማጽዳት ነበር። እኛ የቀደምቶቻችንን ሥራ ስናወድስ ይህችን ሁለተኛ ግማሽ እንዘላታለን፤ የአዝ-ዘህራዊ ክብር በዚህ ምክንያት የሚቀንስ አይመስለኝም።

ሊስተር ወዲያው አልተጨበጨበለትም። በክሎሮፎርም ማደንዘዣ ዝነኛ የሆነው ጄምስ ሲምፕሰን፣ ካርቦሊክ አሲድን ከሱ በፊት ሌሎች ተጠቅመውበታል ሲል በጽሑፍ ተቃወመው። ለንደን ለብዙ ዓመታት አልተቀበለችውም፤ የማይታይ ፍጥረት ቁስል ያበላሻል የሚለው ብዙዎቹን ያስቃቸው ነበር። የጀርመንና የዴንማርክ ሐኪሞች ቀድመው ሞከሩት። አሜሪካን በ1876 ሄዶ ቢያስተምርም አድማጩ ጥቂት ነበር፤ በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ ሐኪሞቹ ባልታጠበ ጣት ቁስሉን እየጎረጎሩ ጥይት ፈለጉ፤ ፕሬዚዳንቱም ከሁለት ወር በላይ ተሰቃይተው በምርዘት ሞቱ።

በ1871 በባልሞራል ቤተ መንግሥት የንግሥት ቪክቶሪያን የብብት እብጠት ሲያፈርስ፣ በጊዜው የሚመካበትን የካርቦሊክ መርጫ መሣሪያ ይዞ ነበር። መርጫው በቀዶ ሕክምናው ዙሪያ ያለውን አየር በአሲድ ጉም ይሸፍናል። ለንግሥቲቱም ፊት ደርሷቸዋል። ይህ መርጫ የሐኪሞችን ዓይንና ሳንባ ያቃጥል፣ እጃቸውንም ይሰነጣጥቅ ነበር። ውሎ አድሮ ሊስተር ዋናው አደጋ በአየር የሚመጣው ሳይሆን በእጅ፣ በመሣሪያና በጨርቅ የሚመጣው መሆኑን ተረዳ። በ1890 በርሊን በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ፣ ዓለም በስሙ የሚያውቀውን መርጫ መተዉንና አንድ ጊዜ እንኳ መምከሩ እንደሚያሳፍረው በግልጽ ተናገረ። ስሙን የሰጠውን ነገር በአደባባይ የሚጥል ሰው ብዙ አላየሁም። እኔ በበኩሌ ከግሪንሊስ እግር ይልቅ ሊስተርን ትልቅ የሚያደርገው ይህ ቀን ይመስለኛል።

መርጫው ቀረ፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይሠራል፤ የሕፃናት ሆድ ሲከፈትም እንዲሁ። አንጀት ራሱ በጀርም የተሞላ ስለሆነ፣ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ልጅ ሲከፈት ጠላቱ ከውጭ ብቻ አይመጣም። ስለዚህ ነው ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ከመቀደዱ በፊት የሚሰጠው፣ ቆዳው በአልኮል በተቀየጠ ማጽጃ የሚታሸው። በ2022 በላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የሊስተርን መንገድ እጅግ ቀላል በሆነ ነገር ቀጥሎታል። በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ 81 ሆስፒታሎች፣ ሕፃናትን ጨምሮ ከ13 ሺህ በላይ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ተሳተፉ። በአንደኛው ወገን ሐኪሞቹ ሆዱን ከመዝጋታቸው በፊት ጓንታቸውንና መሣሪያቸውን በንጹሕ ቀየሩ፤ በሌላው ወገን እንደ ልማዳቸው ሠሩ። እንደ ልማዱ በተሠራው በኩል ከመቶ ወደ 19 የሚጠጉት ቁስላቸው አመረቀዘ፤ በቀየሩት በኩል 16 ሆነ። ልዩነቱ በመቶ ሦስት ነው፤ በሺህ ልጆች ሲታሰብ ግን ሠላሳ ያህል ልጅ ስፌቱ ሳይፈታ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። የእኔም ተማሪ ከነዚያ አንዱ መሆን ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ። ለወላጆች ደግሞ የሚቀር ድርሻ አለ፤ ልጁ ወደ ቤት ከገባ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ቁስሉ ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ቢሞቅ፣ ፈሳሽ ቢያወጣ ወይም ልጁ ቢያተኩሰው፣ ቤት ውስጥ ቅባትና ዱቄት ሳይሞክሩ ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው።

ሊስተር በ1877 ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተዛወረ፤ ያፌዙበት በነበረችው ከተማ ለማስተማር። በ1892 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ የፓስተር 70ኛ ዓመት ሲከበር ተገኝቶ ንግግር አደረገ፤ የደከመው ፓስተርም ተነሥቶ በሕዝብ ፊት አቀፈው። በተከታዩ ዓመት አግነስ ጣሊያን ውስጥ በጉዞ ላይ ሳሉ በሳንባ ምች ሞተችበት። ከዚያ በኋላ የነበረው ሊስተር ሌላ ሰው ነበር ይላሉ የሚያውቁት፤ ሥራውም ቀዘቀዘ። በ1897 የሎርድነት ማዕረግ ተሰጠው።

በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በትርፍ አንጀት ሕመም ወደቁ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ፍሬድሪክ ትሬቭስ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ ልጁ በ18 ዓመቷ በዚሁ በሽታ ሞታበታለች። ያረጀው ሊስተር ለምክር ተጠርቶ ነበር። የንጉሡ ሆድ ተከፈተ፣ መግሉ ወጣ፣ ቁስሉም ዳነ፤ ዘውዱም በዚያው ክረምት ተጫነ።

ሊስተር በመጨረሻ ዓመታቱ ዓይኑም ጆሮውም እየደከመ፣ ዎልመር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ኖረ። የካቲት 10 ቀን 1912 በ84 ዓመቱ ሞተ። እንግሊዝ ታላላቆቿን በምትቀብርበት በዌስትሚኒስተር አቢ ሥርዓቱ ተፈጸመለት፤ መቃብር ግን እዚያ አልተቆፈረለትም። በኑዛዜው መሠረት፣ ማስታወሻዎቹን ከጻፈችለት ከአግነስ አጠገብ በለንደን ዌስት ሃምስቴድ ተቀበረ።